ደጅ አውጡኝ

ናፈቁኝ። ስማቸውን የማልጠራው፣ ፊታቸውን የማልረሳው፣ እጃቸው በእጄ ውስጥ እንዳለ የቀዘቀዘ፣ ናፈቁኝ።

ናፈቁኝ እነዚያ «ደጅ አውጡኝ» ያሉት። ገንዘብ አልጠየቁ። ዕድሜም አልጠየቁ፤ ዕድሜ መጠየቁን ትተውት ነበር። ፀሐይ ነው የጠየቁት። ነፋስ ነው የጠየቁት። ቅጠል ሲወዛወዝ ማየት ነው የለመኑት፣ ቅጠል ብቻ።

ከየት መጣብኝ ይህ ናፍቆት? ዘመዶቼ አልነበሩ። ጡት አልተጣባን፣ በክርስትና አልተዛመድን፣ ከአንድ ማዕድ አልቆረስን። አንዳንዶቹን ለሳምንታት አወቅኋቸው፤ አንዳንዶቹን ለአንድ ሌሊት። ግን ናፈቁኝ። መንገድ ላይ ከኋላ አይቼ የምከተለው ትከሻ አለ፤ ሲዞር የሌላ ሰው ነው። ስልኬ ሲጮህ የምጠብቀው ድምፅ አለ፤ ሳነሣው የሌላ ሰው ነው።

አማካሪ ነኝ። የሚሄድን ሰው እስከ አፋፉ መሸኘት ነው ሥራዬ፣ ከአፋፉ ብቻዬን መመለስ ነው ሥራዬ። መሸኘቱን ተማርኩት። መመለሱን ማን ያስተምረኝ?

ጠባብ ነበረች የመጀመሪያዋ ክፍሌ። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ የተዘጋ መጋረጃ። ሰው እንዳያይ ተዘጋ መጋረጃው፤ ሰማዩም አብሮ ተዘጋ። የኤችአይቪ ምርመራ ውጤት የሚነገርባት ክፍል ነበረች። የምነግረው እኔ ነበርኩ።

ያን ጊዜ መድኃኒቱ ለድሃ አልነበረም። ገዝቶ የሚውጥ ነበር የሚቆየው። ጥር 1997 ዓ.ም. ነው በነፃ መታደል የጀመረው። ጥር! የጥምቀት ወር፣ የሠርግ ወር። ስንቱን በታኅሣሥ ቀበርን፣ ስንቱን በኅዳር፣ ስንቱን ከዚያ በፊት በነበሩት ክረምቶች። ጥር ሆይ፣ ምነው ዘገየሽ! አንድ ዓመት ቀድመሽ ብትመጪ ለስንቱ በደረስሽልኝ ነበር።

ወጣቶች ነበሩ። ጫማቸውን አስጠርገው፣ ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ ለክፉ ወሬ የክት ልብሳቸውን ለብሰው የሚመጡ። ስነግራቸው «እሺ» ይሉኛል። «እሺ፣ እህቴ።» ወንበሬ ላይ የሚያለቅስ ጥቂት ነበር። እሺታቸው ነው ዛሬም ከእንቅልፌ የሚያባንነኝ።

አንዲት ነበረች። «እሺ» ብላ ወጣች። በመጋረጃው ጠርዝ አየኋት፤ ወደ ውጭው በር አልሄደችም። ከግቢው ጥግ ወዳለው ባሕር ዛፍ ሄዳ ቆመች። የተሰነጠቀውን ቅርፊት ያዘች፣ ሳበችው፣ ረጅም ሆኖ ተላጠ። ሌላም ያዘች። ሌላም ሳበች። እግሯ ሥር ቅርፊት ተከመረ፤ ግንዱ ነጥቶ ራቁቱን ወጣ። ከዚያ ግንባሯን ነጩ ግንድ ላይ አስደግፋ አለቀሰች። እኔ ፊት እምቢ ያለው ዕንባ፣ እዚያ ወጣ።

ወጥቼ አጠገቧ ቆምኩ። አልተናገርኩም፤ አልተናገረችም። ነፋስ ነበረ፣ የባሕር ዛፍ ሽታ ነበረ። እግሬ ወደ ደጅ የዞረው ያን ዕለት ነው። ከመጻሕፍቱ በፊት፣ ከሥልጠናው በፊት፣ ከምስክር ወረቀቱ በፊት፣ የተላጠ ባሕር ዛፍ ነው ያስተማረኝ።

እሷም ሄደች። ከጥር በፊት ሄደች።

እማዬ። አንቺን በየት በኩል ላንሣሽ?

ከፋርጣ ነበረች እናቴ፣ ከደብረ ታቦር አጠገብ። ደቡብ ጎንደርን ከላይ ያየ ያውቀዋል፤ ታርሶ ታርሶ የተራቆተ ምድር፣ በመካከሉ እዚህም እዚያም አረንጓዴ ክብ። ክቡ ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ከሺህ ይበልጣሉ ደብሮቹ፣ በዚያ አገር ብቻ። ጽዱ እዚያ ተረፈ። ወይራው እዚያ ተረፈ። ዝግባው፣ ኮሶው፣ ጥቁር እንጨቱ እዚያ ተረፉ፣ ከመቅደሱ ዙሪያ፣ ማንም መጥረቢያ በማያነሣበት።

«ደኑ ውስጥ ገብተን ዝም እንል ነበር» ትለኝ ነበር። ሌላ አትጨምርም። ዘመኗን ሙሉ አዲስ አበባ ኖራ ያ ዝምታ አልለቀቃትም። ጀበናው እስኪንተከተክ ስትጠብቅ ዓይኗ ይሄዳል። የት እንደሚሄድ አውቃለሁ።

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ስለ እነዚህ ደኖች ያጠኑትን ያነበብኩት እሷ ከሄደች በኋላ ነው። ከብት ገብቶ ችግኙን እንዳይበላው በአንዳንዶቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ተክቧል፣ ካህናቱም ምእመናኑም ድንጋይ እየተሸከሙ። ካብ ተክቦለታል፣ እማዬ። ደንሽ ካብ ተክቦለታል። ለማን ልንገረው ይህን?

ተኝታበት በነበረው ክፍል መስኮቱ ከፍ ብሎ ነበር። ተኝታ አትደርስበትም፤ ተቀምጣም አትደርስበትም። ፊት ለፊቷ ግድግዳ ነበር። እስከ ወገቡ አረንጓዴ የዘይት ቀለም፣ ከወገቡ በላይ ነጭ፤ በሁለቱ መካከል የቀቢው እጅ የተንቀጠቀጠበት መስመር። ያን አረንጓዴ ስታይ ሰነበተች። ሌላ አረንጓዴ አልነበራትም።

በመጨረሻው ሌሊት፣ ትንፋሿ ሲቆራረጥ፣ «ወይራ ሸተተኝ» አለች። ክፍሉ የሚሸተው በረኪና ነበር። በረኪና፣ በረኪና ብቻ። «ወይራ ሸተተኝ ልጄ፣ ማነው የሚያጥነው?» እኔ ነኝ አልኳት። እኔ ነኝ እማዬ፣ የወተቱን ቅል እያጠንኩ ነው። «ደግ አደረግሽ» አለች።

ሲነጋ ሄደች። ሳትወጣ ሄደች። ደጁ ቅርብ ነበር። በኮሪደሩ ጫፍ ግቢ ነበር፣ ግቢው ውስጥ ጽድ ነበር፣ ጽዱ ላይ ወፍ ነበር። ሁሉም ነበር። ከአልጋዋ እስከ ጽዱ ያለችውን መሬት ነው የማለቅሳት። ከሞቷ ይልቅ፣ ያቺን ጥቂት እርምጃ።

መስኮት በመናፈቅ ብቻዬን አልነበርኩም ለካ።

እ.ኤ.አ. በ1948 ለንደን ላይ አንድ ሰው ይሞት ነበር። ዴቪድ ታስማ ይባላል፤ ከፖላንድ የተሰደደ አይሁዳዊ። በሰው አገር፣ በሰው አልጋ ላይ። ሲስሊ ሳንደርስ አጠገቡ ትቀመጥ ነበር፤ ያን ጊዜ የሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛ ነበረች። ስለ አንድ ቤት ያወሩ ነበር፤ የሚሞት ሰው ሳይቸኮልበት፣ ሕመሙ ታግሶለት፣ በስሙ እየተጠራ የሚሞትበት ቤት። ሲሞት 500 ፓውንድ ተናዘዘላት፤ ለዚያ ላልተሠራው ቤት መስኮት ይሆን ዘንድ።

መስኮት! ቤቱ የለም፣ መሬቱ የለም፣ መሠረቱ አልተቆፈረም፤ መስኮቱ ግን ተከፍሎበታል። እሷም ትምህርት ቤት ገብታ ሐኪም ሆነች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለፋች። ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1967 ተከፈተ፤ የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስ። መስኮቱም ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2005 እሷ ራሷ ያረፈችው እዚያው ቤት ውስጥ ነው።

ታስማን አላውቀውም። ይናፍቀኛል። በማያውቀው ሰው ሞት ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው እንዴት አይናፍቅ?

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 ሮጀር ኡልሪክ የሚባል አሜሪካዊ የአንድ ሆስፒታል መዝገብ አገላብጦ ያገኘውን ጻፈ። የሐሞት ከረጢታቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው 46 ሰዎች፤ 23ቱ ከመስኮታቸው ዛፍ ያያሉ፣ 23ቱ የጡብ ግንብ ያያሉ። ዛፍ ያዩት ቀድመው ወደ ቤታቸው ገቡ፣ ጠንካራውን ማስታገሻም እምብዛም አልፈለጉ። ዓለም ስለ እነዚያ ሲያወራ ኖረ። እኔ የማስበው ሌሎቹን ነው። 23ቱን፣ ጡብ ሲቆጥሩ ያደሩትን።

በዚምባብዌዋ ሐራሬም አያቶች አሉ። የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በምባሬ ሠፈር ከ14 አያቶች ጋር ሥራውን ጀመረ። ከጤና ጣቢያው ደጅ፣ በእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ሐሳብ የበላውን ሰው ይሰሙታል። ብዙ ያሳደጉ፣ ብዙ የቀበሩ አያቶች። ከአግዳሚው ጫፍ ላይ እማዬን አስቀምጣታለሁ በልቤ። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጉልበቷን ይዛ። ትሰማ ነበር እሷ። ሲሰሟት ግን አላየሁም።

«ከውጭ የመጣ ነገር ነው» ይሉኛል አንዳንዶች፣ በሽተኛን ደጅ አውጥቼ የማማክርበትን ሥራዬን። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1982 ለሕዝቧ ጤና ደን ውስጥ መመላለስን ስታበረታታ፣ የእኛ ሰው ታማሚውን በቃሬዛ ተሸክሞ ጸበል ሲወርድ ስንት ዘመኑ ነበር? ዛፍ ሥር ነው ያስተኛው። ውሃ ዳር ነው ያስተኛው። ሽማግሌው ያስታረቀው፣ ዱዓው የተደረገው ዋርካ ሥር ነው። አዲስ ነገር አላመጣሁም። የጠፋን ነገር ነው የምፈልገው።

አባባ። አራተኛ ፎቅ ላይ የተኙት አባባ።

ከምሥራቅ ጎጃም ነበር ያመጧቸው፣ ለሕክምና። ካንሰሩ ጉሮሯቸውን ይዞታል። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገው «እንግዲህ ከቤተሰብዎ ጋር ይሁኑ» ብለው ሸኟቸው። ቤተሰብ ማለት ልጃቸው ነው፤ ቤት ማለት ኮንዶሚኒየም። ሊፍት የለውም። ገበሬ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ! እግሩ ከመሬት ተለይቶ የማያውቅ ሰው።

ስገባ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ግድግዳው ዞረዋል። ምግብ እምቢ፣ ወሬ እምቢ። ብዙ ዝም ካልን በኋላ «ልጄ፣ አፈር አምጭልኝ» አሉ። ልጃቸው ደነገጠ፤ መቃብር መሰለው።

ወርጄ ከግቢው በፌስታል ይዤ ወጣሁ። በሁለት ጣታቸው ቆንጥረው አሹት። «ይህ አፈር አይደለም» አሉኝ። «ይህ የፈረሰ ግንብ ነው።» እውነታቸውን ነው። አሸዋ ነበር፣ የሲሚንቶ ፍርፋሪ ነበር፣ የብሎኬት ስባሪ ነበር።

የወንድማቸው ልጅ ከአገር ሲመጣ ከማሳቸው ይዞ መጣ። ጥቁር፣ የደረቀ ጓል፣ በነጠላ ቁራጭ የተቋጠረ። ቋጠሮውን ሲፈቱ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ጓሉን አሸተቱት። መዳፋቸው ላይ ፈረካከሱት። ውሃ ጠብ አደረግሁላቸው፤ አሹት፣ አድበለበሉት፣ በአውራ ጣታቸው ጠፈጠፉት፣ ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት። «ዋልካ» አሉ። «ጤፍ ይወዳል። ክረምት እግር ይይዛል፣ በጋ አፉን ይከፍታል።»

ያን ቀን ተናገሩ። በዚያ በተቆረጠ ድምፃቸው ተናገሩ። ስለ በሬያቸው ስለ ቦራ። በምጥ ስለ ሞተችው የመጀመሪያ ሚስታቸው፣ ልጃቸው ሰምቶት ስለማያውቀው። ማን ከማን ይታረቅ፣ ማሳው ለማን ይሁን፣ ፍትሐቱ በየትኛው ደብር ይደረግ። ልጅየው በሩ ላይ ቆሞ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። ሲገነዙ ከጥፍራቸው ሥር ጥቁር አፈር ነበር። የሚያጥባቸው ሰው ሊያወጣው ሲል ልጃቸው «ተወው» አለ።

አባባ፣ ናፈቁኝ። ማሳ ባየሁ ቁጥር ጎንበስ ብዬ ጓል አነሣለሁ። ምን ዓይነት አፈር ነው ብዬ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ናፈቁኝ እማማ፣ የወሎዋ። ስኳሩ ዓይናቸውን ከወሰደው ቆይቶ ነበር። በረንዳ ላይ ሳስቀምጣቸው ፊታቸውን ወደ ፀሐይ ያዞራሉ፣ መቁጠሪያቸውን ይይዛሉ፣ ያዳምጣሉ። «ዋኔ ናት» ይላሉ። «ውሃ ጠምቷታል።» ከዚያ ዱዓ ያደርጋሉ፤ ለልጆቻቸው፣ ለአገሩ፣ ለእኔ፣ ለዋኔዋ። አንድ ጠዋት ዋኔዋ ጮኸች፤ የሚነግረኝ አልነበረም።

ሩፋኤልን የጠበቀችው ልጅስ?

ጷጉሜን 3 የሚዘንበው ዝናብ ጸበል ነው። ልጅ ሆና ከሠፈር ልጆች ጋር ራቁቷን ስትጠመቅበት አድጋለች። ከጡቷ የተነሣው በሽታ አጥንቷ ደርሶ ነበር። ክረምቱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ታስብ ነበር። «የሩፋኤል ለት ታወጡኛላችሁ?» እናወጣሻለን። «ከነአልጋዬ?» ከነአልጋሽ። «ብታመምስ?» አለችና ራሷ ሳቀች። ያን ሳቅ የት ላግኘው?

ነሐሴ ላይ ሄደች። የቡሄ ልጆች ደጃፉ ላይ እየጨፈሩ፣ ጅራፉ እየጮኸ፣ ሄደች። ሩፋኤል መጣ፤ ዘነበ። ሠፈሩ ሁሉ ወጣ። በሁሉም ራስ ላይ ወረደ ዝናቡ፣ በእሷ ራስ ላይ ብቻ አልወረደም።

ቤተሰብ በር ላይ ይይዘኛል። «እንዳትነግሪው» ይለኛል። «ከሰማ ይሞትብናል።» ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። መርዶ በጎህ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በጥንቃቄ የሚነገርበት አገር ሰዎች ነን። ታማሚው ግን ያውቃል። ሌሊት ጣራ ጣራውን ሲያይ አውቆታል። ሁሉም እየዋሸው፣ እሱም ለሁሉም እየዋሸ፣ በሰው መካከል ብቻውን ይሄዳል።

ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት እንቀመጣለን፤ ዓይን ዓይንን ይፈራል። ዛፍ ሥር ጎን ለጎን ነን። ሁለታችንም የምናየው ሌላ ነገር ነው፤ ቁራ፣ ጉንዳን፣ ነፋስ ያወረደው ቅጠል። ያኔ ይመጣል ቃሉ። «ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል?» ያኔ ይመጣል። «ወንድሜን ይቅር ሳልለው ቀረሁ።» ያኔ ይመጣል። «እፈራለሁ።»

ስንቴ ሰማሁት ይህን «እፈራለሁ»፤ በጽድ ጥላ፣ በዋንዛ ጥላ፣ ከአንድ ለጋ ኮክ ሥር። አብሬ እቀመጣለሁ። ጥላው ሲዞር ወንበሩን አዞራለሁ። ነጠላ አለብሳለሁ። ያንን ነው የማውቀው።

ዋንዛውም ሄደ። አንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ ነበር፤ ባለቤቲቱ ደግ ሴት ነበሩና በሽተኞቼን ይዤ እንድገባ ይፈቅዱልኝ ነበር። ነጭ አበባው ሲረግፍ ጋቢያቸው ላይ ይረግፍ ነበር። እሳቸውም አረፉ፣ ግቢውም ተሸጠ፣ ዋንዛውም ተቆረጠ። ዛሬ ቆርቆሮ ታጥሮበት ሕንፃ ይወጣበታል። በዚያ በታክሲ ባለፍኩ ቁጥር ጭንቅላቴን ወደ ሌላ እመልሳለሁ። ሰዎቹ የሉም። የተቀመጡበት ጥላም የለም። ሰው ሄዶ ቦታው ቢቀር እንዴት ያለ ጸጋ ነበር!

ይህን ግን ጮኼ እናገረዋለሁ። ዛፍ ካንሰር የበላውን አጥንት አያስታግስም። መጀመሪያ ሞርፊን፣ ከዚያ ጥላ። «በተፈጥሮ ይድናሉ» እያለ መድኃኒቱን የሚያስጥል ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። የሚጮኽ ሰው ወፍ አይሰማም።

አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 ዩጋንዳ ላይ ሞርፊኑን በውሃ አስበጥብጣ፣ በጠርሙስ አስሞልታ፣ በርካሽ ለድሃ ቤት አደረሰች። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ላይ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ተመሠረተ፤ ነርሶቹ ቤት ለቤት ይሄዳሉ፣ በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ዳገት። እጃቸውን እስማለሁ። ግን ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣውን ሳነብ አለቀስኩ። በዓለም ላይ በየዓመቱ ይከፋፈል የነበረው የሞርፊን ዓይነት ማስታገሻ፣ በሞርፊን ልክ ሲሰላ፣ 298.5 ቶን ነበር። ለድሆቹ አገሮች ይደርስ የነበረው 0.1 ቶን። መቶ ኪሎ።

አንድ ኩንታል። ለድሃው ዓለም ሥቃይ ሁሉ፣ አንድ ኩንታል!

ጩኸት አይናፈቅም። ሰዎቹን እናፍቃለሁ እንጂ ጩኸታቸውን አልናፍቅም። እሱ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ድንኳን የለውም የእኔ ሐዘን።

ሰው ሲሞት እድር ይመጣል፤ ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚ ይደረደራል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። ዘመድ ደረት ይመታል። አልቃሿ ሟችን በአባቱ፣ በወንዙ፣ በሥራው ታነሣዋለች። ሠልስት ይወጣል፣ አርባ ይወጣል፣ ሙት ዓመት ይታሰባል። መግቢያ አለው የዘመድ ሐዘን፣ መውጫም አለው። እኔ ከድንኳኑ ዳር ተቀምጬ፣ «እግዜር ያጽናችሁ» ብዬ እነሣለሁ። «ማናት?» ሲባል እሰማለሁ። «ከጤና ነው የመጣችው» ይላሉ። ንፍሮዬን በእጄ እንደያዝኩ ወደ ሌላ አልጋ እሄዳለሁ። ጥቁር ብለብስ ለየትኛቸው ልልበስ? መች ላውልቀው?

እንጦጦ ነው የምወጣው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ ተራራውን የወረሰው ባሕር ዛፍ፣ በመካከሉ ጽዱ እንደገና እየበቀለ። እዚያ ስማቸውን እጠራለሁ፣ እዚህ የማልጠራውን። በየተራ እጠራለሁ። ጮክ ብዬ እጠራለሁ። እማዬን በመጨረሻ እጠራለሁ፣ ከእሷ በኋላ ድምፅ ስለማይተርፈኝ።

አንዲት እንጨት ተሸካሚ እናት ሰማችኝ። ጎንበስ እንዳለች፣ ሸክሟን ሳታወርድ፣ ቆመች። «ማን ሞቶብሽ ነው ልጄ?»

ስንቱን ልንገራት? «ብዙ ሰው፣ እናቴ» አልኳት።

«እኔም» አለች።

ከነሸክሟ ግንድ ተደግፋ አብራኝ አለቀሰች። አልጠየቅኋትም እነማን እንደሆኑ፤ አልጠየቀችኝም። ከዚያ «ያጽናሽ» ብላኝ ቁልቁለቱን ወረደች። ከዚያ በኋላ ስወጣ በየመንገዱ እፈልጋታለሁ። አላገኘኋትም። እሷም ናፈቀችኝ።

ናፍቆቴ አያልቅም፤ እንዲያልቅም አልለምንም። የምለምነው ለሌሎቹ ነው፣ አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ በየክፍሉ ግድግዳ ለሚያዩት።

ቤታችሁ የተኛ ሰው ካለ ሕመሙን ለሐኪም ንገሩለት፣ ማስታገሻውን አጥብቃችሁ ጠይቁለት። ከዚያ ምን ማየት እንደሚፈልግ ራሱን ጠይቁት። ፍራሹን ወደ በሩ ሳቡለት። ገበሬ ከሆነ ከማሳው አፈር አስመጡለት። ሆስፒታል ከሆነም ነርሷን አነጋግሯት፤ አልጋው ጎማ አለው፣ በሩም ያሳልፈዋል። ዛሬውኑ አውጡት።